የአሜሪካ ፉትቦል መከላከል በቁጥር እንዴት ይለካል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የእግር ኳስ ተመልካች መከላከልን ለመመዘን ብዙም አይቸገርም፤ ስንት ጎል ተቆጠረብን ብሎ ይጠይቅና ነገሩ ያበቃል። የአሜሪካ ፉትቦልን መከታተል የጀመረ ሰው ግን ከጨዋታው በኋላ የሚወጣውን ሰንጠረዥ ሲገልጥ ታክል፣ ሳክ፣ ግማሽ ሳክ፣ የተፈቀደ ያርድ፣ እንዲያውም ከዜሮ በታች የሆነ መቶኛ ይጠብቀዋል። እዚህ የተሰበሰቡት ከእነዚያ ቁጥሮች የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆኑ፣ አንድ የውድድር ዘመን የሚጠራው በተጀመረበት ዓመት ነው።

ለአንድ ተከላካይ ምን ምን ይመዘገብለታል?

በመጀመሪያ ጨዋታው ራሱ። አጥቂው ቡድን 10 ያርድ (አንድ ያርድ ከሜትር ጥቂት ያነሰ ነው) ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ ሙከራው ዳውን ይባላል። 10 ያርዱን ከገፋ አዲስ አራት ሙከራ ያገኛል፤ ካልገፋ ኳሱን ያስረክባል። የተከላካዩ ሥራ ይህን መግፋት ማቆም፣ ከተቻለም ኳሱን መቀማት ነው።

ኳስ የያዘውን ሰው መሬት ላይ ከጣለ ታክል ይጻፍለታል፤ ብቻውን ከሆነ ሙሉ፣ ከጓደኛው ጋር ከሆነ የጋራ ተብሎ። ኳርተርባኩን፣ ማለትም ኳስ የሚያከፋፍለውን ሰው፣ ከመወርወሩ በፊት ከመነሻው መስመር ጀርባ ከጣለው ሳክ ነው። የተወረወረን ኳስ በእጁ ነክቶ ካበላሸ ያ ይቆጠርለታል፤ አየር ላይ እንዳለ ከያዘው ደግሞ ኢንተርሴፕሽን ይባላል። ከተቃራኒው እጅ ኳስ መትቶ ቢያስጥል ፈምብል አስገደደ ይባላል፤ የወደቀውን ኳስ ማንሳት ግን ለብቻው የሚመዘገብ ሌላ ጉዳይ ነው። ኳስ የያዘውን ተጫዋች በራሱ የግብ ክልል ውስጥ ቢጥለው ለቡድኑ 2 ነጥብ ያስገኛል። ይህኛው ብዙ ጊዜ አይታይም።

ልብ ይበሉ፤ የተዘረዘረው ሁሉ የሆነ ነገር ነው። ጥሩ መከላከል ግን ግማሹ እንዳይሆን የተደረገው ነገር ነው። ሌባ ገብቶበት የማያውቅ ግቢ ዘበኛ ስንት ሌባ ያዝህ ተብሎ አይጠየቅም። ከዚህ በታች ያለው ውዝግብ ሁሉ ከዚህ አንድ ችግር የሚመነጭ ነው።

ሳክ ለምን ይህን ያህል ይወራለታል? ግማሽ ሳክስ ምን ማለት ነው?

ሳክ አንድ ሙከራ ያቃጥላል፣ ያርድ ያስከስራል፣ አንዳንዴም ኳሱን ያስጥላል፤ በዚህ ላይ ለዓይን ደስ ይላል። ሁለት ተጫዋቾች ኳርተርባኩን እኩል ደርሰው ከጣሉት ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ይሰጣቸዋል። በሰንጠረዡ ላይ 22.5 የሚል ቁጥር የሚያዩት ለዚህ ነው።

ስሙን ያወጣለት በ1960ዎቹ ለሎስ አንጀለስ ራምስ ይጫወት የነበረው ዲከን ጆንስ እንደሆነ ይነገራል። የሚያሳዝነው ግን የፕሮፌሽናሉ ሊግ (ኤን.ኤፍ.ኤል.) የተጫዋቾችን ሳክ በይፋ መመዝገብ የጀመረው በ1982 ነው፤ ጆንስ ያኔ ጫማውን ከሰቀለ ዓመታት አልፈውታል። ስለዚህ በይፋዊው መዝገብ አንድም ሳክ የለውም! ቆየት ብሎ ተመራማሪዎች የድሮ የጨዋታ መዝገቦችንና ፊልሞችን አንድ በአንድ አገላብጠው እስከ 1960 ድረስ ያለውን ቆጠሩ። በዚያ ቆጠራ ጆንስ 173.5 ሳክ አለው። በ1978 ገና ጀማሪ የነበረው የዲትሮይቱ አል ቤከርም በአንድ የውድድር ዘመን 23 ሳክ እንዳደረገ ተደርሶበታል። በይፋዊው መዝገብ የምንጊዜም ቀዳሚው ብሩስ ስሚዝ ነው፤ 200። ሬጂ ዋይት በ198 ይከተለዋል።

ቁጥሩ ግን ከሚመስለው በላይ አሻሚ ነው። ማይክል ስትራሃን የ2001ን የውድድር ዘመን በ22.5 ሲጨርስ፣ ክብረ ወሰኑን ያስያዘችለት የመጨረሻዋ ሳክ የመጣችው የግሪን ቤይ ኳርተርባክ ብሬት ፋርቭ ብዙም ሳይነካ መሬት ላይ በተኛበት ሙከራ ነበር። ሆን ብሎ ወደቀለት የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም። በ2021 ቲ.ጄ. ዋት እዚያው 22.5 ላይ ሲደርስ የተሰለፈው በ15 ጨዋታ ብቻ ነው። ለእኔ ሁለቱ እኩል አይደሉም፤ ሰንጠረዡ ግን እኩል ናቸው ይላል።

ከሁሉ የምወደው ምሳሌ የ1990ው ነው። የካንሳስ ሲቲው ዴሪክ ቶማስ በአንድ ጨዋታ ሲያትል ላይ 7 ሳክ አስመዘገበ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር በይፋ ታይቶ አያውቅም። በመጨረሻዋ ሙከራ ስምንተኛውን ሊጨምር የሲያትሉን ኳርተርባክ ዴቭ ክሬግን ያዘው። ክሬግ ግን ከእጁ አመለጠና ወረወረ፤ ታችዳውን ሆነ፣ ማለትም ኳሱ የግብ ክልል ውስጥ ገባ፤ ሲያትልም 17 ለ16 አሸነፈ። ያቺ ያመለጠች ስምንተኛ ከሰባቱ ሁሉ ከበደች።

ብዙ ታክል ያለው ተጫዋች ምርጥ ተከላካይ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ከሁሉም ቁጥሮች አብዝቶ የሚያሳስተው ይህ ነው።

አንደኛ፣ ታክል የሚቆጠረው በየስታዲየሙ በተመደቡ መዝጋቢዎች ዓይን ነው። ሦስት ሰው አንዱ ላይ ሲከመር ሙሉውን ለማን፣ የጋራውን ለማን ይስጡ? አንዱ መዝጋቢ ቸር ነው፤ ሌላው ቆጣቢ። ታክል ለረጅም ዘመን ይፋዊ አኃዝ ሳይባል የኖረውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛ፣ የት ቦታ ላይ እንደተደረገ ቁጥሩ አይናገርም። ሯጩን በመነሻው መስመር ላይ የጣለና 15 ያርድ ካስሮጠው በኋላ የጣለ ሁለቱም አንድ አንድ ታክል አላቸው። የኋላ ተከላካዮቹ የታክል ዝርዝሩን የሚመሩለት ቡድን ካለ፣ ብዙ ጊዜ ከፊታቸው ያለው አጥር ፈርሷል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ቦታው ራሱ ቁጥር ይሰጣል፤ ይነሳልም። ከፊት መስመሩ ጀርባ መሐል ላይ የሚቆመው ተከላካይ፣ ላይንባከሩ፣ ጨዋታው ወደ እርሱ ይመጣል። ሬይ ሉዊስ በባልቲሞር ራቨንስ በቆየባቸው 17 የውድድር ዘመናት ከ2,000 በላይ ታክል አከማችቷል፤ ታላቅ ተጫዋች መሆኑንም የሚክድ የለም። ነገር ግን ከፊቱ የሚሰለፉት ግዙፎች ሁለት ሁለት ገፊ (ተከላካይን የሚያግድ የአጥቂው ቡድን ተጫዋች) በላያቸው ተሸክመው መንገዱን ይጠርጉለት ነበር። እነርሱ በሰንጠረዡ ላይ ስማቸው ቢታይ አንዴ ወይም ሁለቴ ነው።

ኳስ የማይወረወርበት ተከላካይስ በምን ይለካል?

እዚህ ላይ የዘበኛው ነገር ይመጣል። ናምዲ አሶሙዋ በ2006 ለኦክላንድ ሬይደርስ 8 ኢንተርሴፕሽን አደረገ። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ብቻ። ደከመ? የለም፤ ኳርተርባኮች ወደ እርሱ አካባቢ መወርወር ተዉ። የኒው ዮርክ ጄትሱ ዳሬል ሬቪስም በ2010 አንድም ኢንተርሴፕሽን ሳይኖረው በሊጉ የመጀመሪያ ምርጥ ቡድን ውስጥ ተመርጧል። መራጮቹ ዓይናቸውን አምነው ቁጥሩን የተዉበት ዓመት ነበር።

የተገላቢጦሹም አለ። የዳላሱ ትሬቨን ዲግስ በ2021 11 ኢንተርሴፕሽን በማድረግ ሊጉን መራ። በዚያው ዓመት ግን እርሱ በሚጠብቀው በኩል ብዙ ያርድ ከተገኘባቸው ተከላካዮች አንዱም ነበር። አደፋፍሮ ይገባል፤ ሲሳካ ኳሱን ይዞ ይሮጣል፣ ሳይሳካ አጥቂው ብቻውን ይቀራል። ይህ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ዲግስን ለመመዘን ሁለቱንም አምድ ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል።

ለዚህ ነው ዛሬ ወደ አንድ ተከላካይ ስንት ጊዜ ተወረወረ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ተያዘ፣ ስንት ያርድ ወጣበት ተብሎ የሚቆጠረው። እነዚህን አንድ ላይ ጠቅልሎ ለወርዋሪው የሚሰጠውን ነጥብ ለተከላካዩ ማስላትም የተለመደ ነው። የወርዋሪ ነጥብ ጣሪያው 158.3 ሲሆን፣ የወረወረው ኳስ ሁሉ ሳይያዝና ሳይጠለፍ መሬት የወደቀበት ሰው 39.6 ያገኛል። በእርሱ በኩል የተወረወረው ከዚያ ብዙም የማይርቅ ተከላካይ እንግዲህ መንገድ ዘግቷል ማለት ነው። ለተከላካዩ ዝቅ ማለቱ ነው ጥሩው።

የዲክ ሌንን ስም ሳላነሳ ይህን ጥያቄ መዝጋት አልችልም። በ1952 ጀማሪ ሳለ በ12 ጨዋታ 14 ኢንተርሴፕሽን አደረገ። የጨዋታው ብዛት ወደ 14፣ ወደ 16፣ ኋላም ወደ 17 ሲያድግ እንኳ ያንን የደገመ አልተገኘም።

የተከላካይ ቡድን ደረጃ የሚወጣው በተፈቀደ ያርድ ነው ወይስ በነጥብ?

የቆየው ልማድ በያርድ ነው። ጋዜጣ ላይ "በመከላከል አንደኛ" የሚል ሲያነቡ አብዛኛውን ጊዜ በጨዋታ በአማካይ ጥቂት ያርድ የፈቀደ ማለት ነው።

ችግሩ ያርድ ሁሉ እኩል አለመሆኑ ነው። የ2011 ግሪን ቤይ ፓከርስ በፈቀደው ያርድ ከሊጉ መጨረሻ ነበር፤ 32ኛ። ውጤቱ ግን 15 ድል፣ 1 ሽንፈት! ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በአጥቂዎቹ ብርታት ገና በጊዜ ስለሚመራ ተቃራኒው ቡድን ለመድረስ ሲል ጨዋታውን ሙሉ ይወረውራል። ያርድ ይሰበስባል፤ ሲወረውር ግን ይነጠቃል። ፓከርስ በዚያ ዓመት 31 ኢንተርሴፕሽን በማድረግ ሊጉን መርቷል። በሌላ በኩል የ1991 ፊላደልፊያ ኢግልስ በሩጫም፣ በውርወራም፣ በጠቅላላ ያርድም ከሁሉ ያነሰ ፈቅዶ ወደ ጥሎ ማለፉ እንኳ አልገባም።

እንግዲያው ነጥብ ይሻላል? ይሻላል፤ እርሱም ግን ጥሩ ምስክር አይደለም። የ2000 ባልቲሞር ራቨንስ በ16 ጨዋታ 165 ነጥብ ብቻ ተቆጠረበት፤ ለ16 ጨዋታ ዘመን ክብረ ወሰን ነው። ከዚያ በሱፐር ቦውል፣ በሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ኒው ዮርክ ጃይንትስን 34 ለ7 ረታ። አሁን 7ቷን እንመርምራት። ጃይንትስ ያገቡት በመልስ ምት ነበር፤ ሮን ዲክሰን የተመታውን ኳስ ተቀብሎ 97 ያርድ ሮጠ። የራቨንስ ተከላካይ ቡድን በዚያ ቅጽበት ሜዳ ላይ አልነበረም፤ የጃይንትስ አጥቂ ቡድንም በተከላካዩ ላይ ምንም አላገባም። ሰንጠረዡ ግን "የተቆጠረበት፦ 7" ይላል። የራስ ኳርተርባክ ኳስ ሲነጠቅና ተቃራኒው ይዞ ሲያገባም ነጥቡ የሚጻፈው በዚሁ አምድ ነው።

ስለዚህ ጠንቀቅ ያሉ ተንታኞች ተራ በተራ ይቆጥራሉ፤ ተቃራኒው ኳስ በያዘበት በእያንዳንዱ የማጥቃት ተራ ስንት ነጥብ ተገኘበት ብለው። ከዚህ ጋር በሦስተኛው ዳውን ስንቴ አስቆመ፣ ተቃራኒው የመጨረሻው 20 ያርድ ውስጥ ከገባ በኋላ ስንቴ ታችዳውን ከለከለ የሚሉትም ይታያሉ። እነዚህ ሁለቱ ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን ከጥቂት ሙከራዎች ስለሚወጡ ከዓመት ዓመት ይዋዥቃሉ።

ሁሉም መለኪያ አንድ የሚናገርበት ጊዜም አለ። የ2013 ሲያትል ሲሆክስ በነጥብም፣ በያርድም፣ በቀማው ኳስ ብዛትም አንደኛ ሆነ፤ ከ1985 ቺካጎ ቤርስ ወዲህ ሦስቱን የጠቀለለ አልነበረም። በሱፐር ቦውልም በዚያ ዓመት 606 ነጥብ በማስቆጠር ክብረ ወሰን የሰበረውን ዴንቨርን 43 ለ8 አሸነፈ።

ኢ.ፒ.ኤ. እና ዲ.ቪ.ኦ.ኤ. የሚባሉት ምንድን ናቸው?

በምሳሌ እንሂድ። ሦስተኛ ዳውን ነው፤ አጥቂው 8 ያርድ ቀርቶታል። ወረወረ፣ ተያዘ፣ 7 ያርድ ገፋና ተጣለ። የያርድ ሰንጠረዡ ተከላካዩን 7 ያርድ አስከፈሉህ ብሎ ይከሰዋል። እውነቱ ግን ተከላካዩ አሸንፏል፤ አንድ ያርድ ጎድሏቸው ኳሱን ሊያስረክቡ ነው። በተቃራኒው ሦስተኛ ዳውን ላይ አንድ ያርድ ቀርቷቸው 2 ያርድ ቢገፉ፣ ተከላካዩ 2 ያርድ ብቻ ፈቀደ ተብሎ ይመሰገናል፤ ተሸንፏል ግን።

ኢ.ፒ.ኤ. ይህን የሚያርም ስሌት ነው። ከብዙ ሺህ የቀድሞ ሙከራዎች ተነሥቶ፣ ኳሱ በዚህ ቦታ፣ በዚህ ዳውን ላይ፣ ይህን ያህል ያርድ ቀርቶ ሲገኝ በአማካይ ስንት ነጥብ ይጠበቃል ብሎ ያስቀምጣል። ከሙከራው በፊት የነበረውን ከሙከራው በኋላ ካለው ጋር ያነጻጽራል፤ ልዩነቱ የሙከራው ዋጋ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ 7 ያርዷ ለአጥቂው ኪሳራ፣ 2 ያርዷ ትርፍ ሆና ትወጣለች።

ሐሳቡ የኮምፒውተር ትውልድ የፈጠረው እንዳይመስልዎ። በ1971 ቨርጂል ካርተር የተባለ የሲንሲናቲ ቤንጋልስ ኳርተርባክ ከፕሮፌሰር ሮበርት ማኮል ጋር ሆኖ የ1969ን ጨዋታዎች አገላብጦ በሜዳው ላይ የእያንዳንዱን ቦታ የነጥብ ዋጋ አስልቶ ነበር። እየተጫወተ ማስላቱ ይገርመኛል።

ዲ.ቪ.ኦ.ኤ. አሮን ሻትዝ ያዘጋጀው መለኪያ ነው። እያንዳንዱን ሙከራ በተመሳሳይ ሁኔታ ከሊጉ አማካይ ጋር ያወዳድርና የተቃራኒውን ጥንካሬ ይጨምርበታል፤ ደካማ አጥቂ ቡድን ላይ መበርታት ብዙ አያስመሰግንም። ውጤቱ በመቶኛ ይወጣል። ለተከላካይ ቡድን ከዜሮ በታች መሆኑ ነው መልካሙ፤ ከአማካዩ ያነሰ ፈቅዷል ማለት ነውና። "የእኛ ቡድን ኔጌቲቭ ወጣ" ብሎ የሚያዝን ሰው ካገኙ ያጽናኑት።

ኳስ መቀማት ችሎታ ነው ወይስ ዕድል?

ሁለቱም፤ መጠናቸው ግን ይለያያል። ኳስ ከእጅ መትቶ ማስጣል ይሠለጥኑበታል። ከወደቀ በኋላ ማን ያነሣዋል የሚለው ግን፣ ኳሱ ሞላላ ስለሆነ ወዴት እንደሚነጥር የሚያውቅ የለም፤ ሲጠራቀም ወደ ግማሽ በግማሽ ይጠጋል። በአንድ የውድድር ዘመን ከወደቁት ኳሶች አብዛኛውን ያነሣ ቡድን በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ይደግማል ብላችሁ ገንዘብ አታስይዙ። የ1985 ቤርስ 54 ጊዜ ኳስ ቀምቷል። ያ ቡድን በጥሎ ማለፉ ሁለት ጨዋታ በተከታታይ አንድ ነጥብ ሳይቆጠርበት ያለፈ ስለሆነ ዕድለኛ ነበር ብዬ አልከራከርም፤ ሌሎቹ ግን ቤርስ አይደሉም።

ካሜራና መከታተያ ምን ለወጠ?

ሊጉ ከ2014 ጀምሮ በተጫዋቾች የትከሻ መከላከያ ውስጥ አነስተኛ የሬዲዮ ምልክት አስተላላፊ ያስገባል፤ የእያንዳንዱን ተጫዋች ቦታ በሰከንድ 10 ጊዜ ይመዘግባል። ስለዚህ ተከላካዩ ከአጥቂው ምን ያህል ርቀት ላይ ነበር፣ ወደ ኳርተርባኩ ለመድረስ ስንት ሰከንድ ፈጀበት የሚሉት ዛሬ የግምት ጉዳዮች አይደሉም። ከዚህ መረጃ ከወጡት መለኪያዎች የምወደው፣ የፊት መስመር ተከላካይ ገፊውን በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ማለፍ አለማለፉን የሚቆጥረው ነው። ኳርተርባኩ ቶሎ ወርውሮ ቢያመልጥ እንኳ ሰውየው ሥራውን መሥራቱ ይታወቅለታል።

ሌላው መንገድ የሰው ዓይን ነው። ገምጋሚዎች ፊልሙን እያዩ ለእያንዳንዱ ተጫዋች በእያንዳንዱ ሙከራ ከ2 ሲቀነስ እስከ 2 ሲደመር ነጥብ የሚሰጡበት አሠራር በሰፊው ይጠቀሳል። ድክመቱ ግልጽ ነው፤ ገምጋሚው አሠልጣኙ ለተጫዋቹ ምን ብሎ እንዳዘዘው አያውቅም። አጥቂው ብቻውን ሲቀር ጥፋቱ አጠገቡ የታየው ተከላካይ ነው ወይስ መድረስ የነበረበትና ያልደረሰው? ይህን የሚያውቁት መልበሻ ክፍል ውስጥ ያሉት ናቸው።

የድሮና የዛሬ ተከላካዮችን በቁጥር ማወዳደር ይቻላል?

በጥንቃቄ። በ1978 ሊጉ ተከላካዮች ከ5 ያርድ በኋላ ተቀባዩን እንዳይነኩ ከለከለ፤ ውርወራ በዚያው በዛ። የጨዋታው ብዛትም በዚያው ዓመት ከ14 ወደ 16፣ በ2021 ወደ 17 አድጓል። ድምሩን ትተው በጨዋታ የሚወጣውን አማካይ ከዘመኑ አማካይ ጋር ያነጻጽሩ።

ልጄ በአሜሪካ ትምህርት ቤት ተከላካይ ሆኖ ይጫወታል፤ ቁጥሩ ዝቅተኛ ስለሆነ ኮሌጆች ያልፉት ይሆን?

ዋሽንግተንና አካባቢው ካሉ ወላጆች የሚመጣ ጥያቄ ነው። የኮሌጅ አሠልጣኞች በመጀመሪያ የሚጠይቁት ቪዲዮ ነው፤ የትምህርት ቤት ሰንጠረዥ ማን እንደሞላው ስለማይታወቅ ብዙም አያምኑትም። የልጁን ቡድን ቁጥር ከፕሮፌሽናሉ ጋር ሲያስተያዩ ደግሞ አንድ ልዩነት አለ፤ በኮሌጅ ደረጃ በሳክ የጠፋው ያርድ ከተቃራኒው የሩጫ ያርድ ላይ ይቀነሳል፣ በፕሮፌሽናሉ ሊግ ግን ከውርወራው ላይ። የኮሌጅ ተከላካዮች ሩጫን እንደ ግንብ የሚያቆሙ የሚመስሉት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ራስዎ መመዘን ከፈለጉ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው ይግቡ። ገጹን ለሁለት ይክፈሉት፤ በአንዱ ልጅዎ በቆመበት በኩል የመጡትን ሙከራዎች፣ በሌላኛው በተቃራኒው በኩል የሄዱትን ይቁጠሩ። ተቃራኒው አሠልጣኝ በመጀመሪያው ሩብ በልጅዎ በኩል ሞክሮ በአራተኛው ሩብ ጨርሶ ከተወ፣ በልጅዎ በኩል ያለው ገጽ ባዶ ይሆናል። ያንን ባዶ ገጽ አይጣሉት።